ከሠናይት ጋር ባሬላ የያዘው ሰው

ይድረስ እንጦጦ ማርያም ለሚገኙት፣ እንደ ወለደችኝ ለማያቸው እናቴ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ክረምቱ ሊገባ ሲል ያ የእንጦጦ ብርድ በእርስዎ ጉልበት ላይ እንደሚበረታ ስለማውቅ ሐሳቤ እዚያው ነው። ላሚቱ ወለደች ወይ? ባለፈው የመታሁት ቆርቆሮስ ያዘ ወይስ አሁንም ያፈሳል? የሚያፈስ ከሆነ ጥፋቱ የምስማሩ እንጂ የእኔ እንዳልሆነ ይወቁልኝ። እኔ ሲግናል ያለሁት አማችዎ በሥጋ ጤና በኩል እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልጎደለብኝም። በሌላው በኩል የጎደለብኝን ግን እርስዎ ያውቁታል፤ እቤትዎ ተቀምጣለች።

እማማ፣ አማች ለአማቱ እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት መጻፉ ደንብ እንዳልሆነ አጥቼው አይደለም። ደንቡን ሞክሬዋለሁ። ሽማግሌ ልኬ ነበር። እርስዎም በክብር ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው ሰደዷቸው። ሲመለሱ ግን የላኳቸው እኔ መሆኔን ረስተውት መጡ። ጋሽ ሣህሌ ገና በሩን ሳያልፉ፣ ለይኩን ልጄ፣ ልጂቱ እውነት አላት ብለው ጀመሩኝ። ምን እውነት አላት ብላቸው፣ እሱን እንኳ አልነገረችንም፣ ግን ፊቷ ላይ ያስታውቃል አሉኝ። እንግዲህ የእኔን ጉዳይ ይዘው ወጥተው፣ የእርስዎን ጠላ ጠጥተው፣ ለእሷ ፈርደው ወረዱ። ስልክ ብደውል የእሷ ተዘግቷል። በእርስዎ ስደውል ደግሞ ይነሳና ዝም ይላል። እርስዎ ስልክ አንስተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ ማን እንደሆነ አላጣሁትም። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ከመጀመሪያው ልንገርዎ ብዬ ተቀመጥኩ። ይህን ይዞልዎት የሚመጣው ካቦ በላይነህ ነው። ካቦ ማለት ሳይት ላይ የቀን ሠራተኛውን የሚያዘው አለቃችን ነው። እሱም በዚህ ነገር ውስጥ እጁ ስላለበት እንጦጦ ድረስ በእግሩ ቢወጣ አይበዛበትም።

እኔና ሠናይት የተገናኘነው በባሬላ እንደሆነ ነግራዎት ይሆናል፤ ላትነግርዎትም ትችላለች። ባሬላ እንደ ቃሬዛ ያለ የእንጨት መሸከሚያ ነው፤ አሸዋና የተቦካ ሲሚንቶ ይጫንበታል። አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆነው ይይዙታል። ጉልበት ብቻ የሚበቃው ይመስላል እንጂ አይበቃውም። የሁለቱ ሰው እርምጃ ካልገጠመ ቡኮው ይደፋል፣ ካቦው ይሳደባል፣ ወገብ ይቀጫል። እኛ የገጠምነው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ደረጃውን ልንወጣ ስንል ከኋላ ሆና ቆመች። የምረግጠው አይታየኝም፣ እወድቃለሁ አለች። እኔም ዘወር ብዬ፣ አንቺ ጀርባዬን ብቻ እዪ፣ ድንጋዩን እኔ አይልሻለሁ አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ይህን ሳስታውስ እስካሁን ጆሮዬ ይሞቃል። በኋላ እኔ ግንበኛ ስሆን እሷ በባሬላው ቀረች፤ ያን ጊዜም ቢሆን ከሴት ጋር ብቻ ነበር የምትይዘው። በዚህ ተስማምተን ነበር። ማለቴ፣ እኔ ተስማምቼ ነበር።

ከዚያ ጌድዮን መጣ። እርስዎ ያውቁታል፤ ያ መነጽራሙ ፊልም ሠሪ፣ ጠላ ሲያቀርቡለት ጴንጤ ነኝ ይቅርታ ብሎ ቆሎውን የጨረሰብዎ። ሳይታችን የመጣ ጊዜ ፊልም ሠሪ ነኝ ቢል ማንም አላመነውም፤ ካሜራ ሳያወጣ ብዙ ሳምንት ከእኛ ጋር ሲሚንቶ ሲያቦካ ከርሟልና። መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ እንጂ እሱ አላቆመም። ከዚህ በፊት ስለ ዳቦ ጋጋሪዎችና ስለ ታክሲ ረዳቶች ሠርቷል ይላሉ። በእሱ ፊልም ውስጥ ቪላ ቤት የለም፣ ሶፋ ላይ ተቀምጣ የምታለቅስ የሀብታም ልጅ የለችም። ሰው በሥራ ልብሱ፣ በሥራ ቦታው፣ በገዛ አፉ እየተናገረ ይቀረጻል። ተዋናይ ከውጭ አያመጣም፤ ከሠራተኛው ይመርጣል። አሁን የሚሠራውም ስለ ቀን ሠራተኛ ነው፤ ሰው ከፎቅ ሲወድቅ አናውቀውም ብሎ ስለሚክድ ተቋራጭ። ይህን ስሰማ፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ለእኛም የሚቆረቆር ሰው አለ ለካ ብዬ ነበር።

ተዋናዮቹ የተመረጡ ዕለት እኔም ተሰልፌያለሁ። ይህን ሠናይት ነግራዎት ከሆነ እየሳቀች ነው የነገረችዎ። ካሜራው ፊት አቁሞኝ ስምህን ንገረኝ ቢለኝ የአያቴን ጨምሬ እንደ ዜና አንባቢ ተናገርኩ። ስለ ሥራህ አውራኝ ሲለኝ፣ ሥራ ክቡር ነው ብዬ ጀመርኩ። ዙሪያዬ ያሉት ከንፈራቸውን ነከሱ። ጌድዮን ትከሻዬን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝና፣ አንተ ካሜራ ፊት ራስህን ትከላከላለህ አለኝ። ማን ነው ራሱን የማይከላከል? ሠናይት ግን ተራዋ ሲደርስ የያዘችውን ባሬላ እንኳ አላወረደችም፤ ቶሎ በል፣ ቡኮው ሊደርቅ ነው አለችው። በዚያው ተመረጠች። ባሏ ሆኖ እንዲሠራ የተመረጠው ደግሞ ናኦል ነው። ፌሮ ብረት ያስራል፤ በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ጥርሱ ነጭ ነው። ጥርሱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እሱ ሲስቅ ሳይቱ በሙሉ ይስቃል።

በፊልሙ ውስጥ የእሷ ስም አስቴር ነው፣ የእሱ ዘነበ። አስቴርና ዘነበ ተጋብተው አንድ ሳይት ላይ ይሠራሉ፤ ባሬላም አብረው ይይዛሉ። ይህን የሰማሁ ዕለት ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። ባልና ሚስት ይሁኑ፣ ፊልም ነው። ባሬላውን ምን አመጣው?

የጌድዮን አሠራር ደግሞ ጉድ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያው አንስቶ በተራው ይቀርጻል፤ ነገ የሚሆነውን ግን ለማንም አይነግርም። የሚጠና ጽሑፍ የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱን ለብቻው ጠርቶ፣ ዛሬ ማወቅ ያለበትን ብቻ በጆሮው ሹክ ይለዋል። ሰው ነገውን ሳያውቅ አይደል የሚኖረው፣ በፊልሙም እንደዚያው ይኑር ይላል። ሠናይት ማታ ስትገባ ነገ ምን ልትሠሩ ነው ብዬ ስጠይቃት አላውቅም ትለኛለች። ያስቡት እማማ። ሚስቴ ነገ ከሌላ ሰው ጋር ምን እንደምትሆን እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። የማያውቅ ሰው ደግሞ ይገምታል። እኔ ሲሚንቶ ላይ እንጂ ግምት ላይ ጎበዝ አልነበርኩም፤ በዚያ ሰሞን ግን ተካንኩበት።

በዚያ ላይ ወሬያቸው ነበር። በምሳ ሰዓት ጌድዮን ብሎኬት ላይ ተቀምጦ ይጠይቃታል፣ እሷ ትመልስለታለች። እቤት ስትገባ አንድ ቃል የማታባክነዋ ሠናይት! ዝም አይነቅዝም የምትለው ሠናይት! ዝምታዋን ከእርስዎ ቤት እንዳመጣችው አውቃለሁና አማርሬ አላውቅም ነበር። ለእሱ ግን ትዘከዝክለታለች። አንድ ቀን ከአምድ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። እኔ ከመወጣጫ ወድቄ ክንዴ የተሰበረበትን ቀን እያወራችለት ነበር፤ ተቋራጩ ይህን ሰው አላውቀውም ያለበትን፣ ሆስፒታል በር ላይ ተቀምጠን የዋልንበትን፣ እኔ በሥቃይ ውስጥ ሆኜ ስለ ምሳ ዕቃዬ የጠየቅሁትን ሳይቀር። ለእኔ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስታልኝ አታውቅም። ያን ዕለትም አላለቀሰችም። ተነስ፣ አይዞህ፣ አጥንት ነው አለችኝ፤ በነጋታው ክንዴን በነጠላዋ አስራ ሥራ ገባች። ታዲያ ጌድዮን ያን ሁሉ ሰምቶ ስብራቴን ለዘነበ ሰጠው። ዘነበ ማለት ናኦል ነው። ሰው በገዛ ስብራቱ ይቀናል ወይ ቢሉኝ፣ አዎ፣ ቀናሁ።

ቀረጻው የተጀመረ ዕለት እኔ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ብሎኬት እየገነባሁ ቁልቁል አያቸው ነበር። ናኦል ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ቆመች። እሱ ዘወር አለና፣ ጀርባዬን ብቻ እዪ፣ ድንጋዩን እኔ አይልሻለሁ አላት። የያዝኩት ብሎኬት አምልጦኝ እግሬ ላይ ወደቀ፤ ሕመሙ የተሰማኝ በኋላ ነው። የእኔን ቃል! ማንም አይሰማንም ብዬ የተናገርኩትን! ለጌድዮን ነግራው፣ ጌድዮን ለናኦል ሹክ ብሎት። ማታ ጠየቅኳት። ጥሩ ቃል ስለሆነ ነው አለችኝ። ጥሩ ከሆነ ለምን ለራስሽ አላስቀመጥሽውም አልኳት። ራት አቀረበችልኝ። ቀናተኛ ነህ ትለኛለች አንዳንዴ። ቀናተኛ አይደለሁም፤ ዓይን ስላለኝ ነው። ቃሉንስ ይሁን ብዬ ባልፈው፣ በሳምንቱ ያየሁትን ግን ማለፍ አቃተኝ፤ እርምጃቸው ገጥሟል። እሷ ስትነሳ ይነሳል፣ እሷ ስታዘግም ያዘግማል፣ ከባሬላው ጠብታ አይወድቅም። ይህን ካሜራ አያስተምርም። ይህ የሚመጣው ሰው ሰውን ሲለምድ ነው።

ከዚያ ለቀረጻ እናንተ ዘንድ ወጡ። ይህን የምጽፍልዎ ያላወቁት መስሎኝ ሳይሆን፣ እኔም ማወቄን እንዲያውቁት ነው። በፊልሙ የእረፍት ቀናቸው ነው ተባለ፤ አስቴርና ዘነበ ማርያምን ተሳልመው ባሕር ዛፉ ውስጥ ይቀመጣሉ። እኔ አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀርቼ በራጉኤል በኩል ዞሬ ወጣሁ። ባሕር ዛፍ ቀጭን ነው፣ ሰው አይደብቅም። ቅጠል የተሸከመች አንዲት ሴትዮ ከኋላዬ መጥታ፣ ምን ጠፍቶህ ነው ልጄ አለችኝ። ሚስቴ ልበላት? በግ ጠፍቶብኝ ነው አልኳት። እሷም ምን ዓይነት በግ እንደሆነ ጠይቃኝ አብራኝ ልትፈልግ ሸክሟን አወረደች። እሷን ለመሸኘት ስንት መሰለዎት የለፋሁት!

ያን ጊዜ እርስዎን አየሁዎት። ብርዱን አይተው ጋቢ ይዘው ከቤት ወጡ። ለናኦል ሰጡት፤ እሱም በሠናይት ትከሻ ላይ ጣል አደረገላት፤ እሷም ሳቀች። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ የእኔ መስሎኝ ነበር። ይህ ሁሉ ሳይበቃ፣ ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው ብለው ናኦልን ሲመርቁት በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። እማማ፣ ስንት ክረምት ጣሪያዎ ላይ ስወጣ ጨዋ ልጅ ብለውኝ አያውቁም። ጋቢውም ለፋሲካ እኔ ያመጣሁልዎ ጋቢ ነው። ይህን የምለው ቂም ይዤ አይደለም። ይዣለሁ፤ ግን ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እናንተ ዘንድ ከወጡ በኋላ ባለው ሳምንት ተቋራጩ ኮተቤ ወዳለው ሌላ ሳይት አዛወረኝ። ጌድዮን ነው ያዛወረኝ ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ዝናቡንም ጌድዮን ነው የሚያዘንበው ብባል አምን ነበር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከኮተቤ ተመልሼ በሳይቱ በር ሳልፍ፣ እዚያ ሻይ የምትሸጠው ብርቄ ጠራችኝ። ብርቄ ወሬን ከሻይ ጋር ነው የምታፈላው። ዛሬ ጉድ አመለጠህ አለችኝ። ለፊልሙ ሲሉ ለሠናይት ባልሽ ከፎቅ ወደቀ ብለው ነገሯት፤ እሷ ግን እንደ እውነት ሆነች፤ ጫማዋን ጥላ በባዶ እግሯ አስፋልት ወጣች፤ ወንዶች ይዘው ሊያቆሟት አልቻሉም፤ እንዲያ ያለ ጩኸት በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም አለችኝ። ቀጥላም ሰው ለውሸት ባል እንዲህ ከሆነ ለእውነተኛውማ እንዴት ልትሆን ነው አለች። ብርቄ ደስ ልታሰኘኝ ነው።

እኔ ግን ለእውነተኛው እንዴት እንደሆነች አውቀዋለሁ። ተነስ፣ አይዞህ፣ አጥንት ነው።

ከብርቄ ተለይቼ ስልኬን ባወጣ ሠናይት ደጋግማ ደውላልኛለች፤ በኮቴ ኪስ ውስጥ ሆኖ ፎቁ ታች ተሰቅሎ ስለዋለ አልሰማሁትም። የጥፋተኛ ሰው ጥሪ ነው አልኩና መልሼ አልደወልኩም። እቤት ስደርስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ቆስሏል። ስታየኝ ተነሳች። በሁለት እጇ ጭንቅላቴን ያዘች፤ ዓይን እንደሌለው ሰው ፊቴን፣ ትከሻዬን፣ ያን የተሰበረውን ክንዴን ዳበሰችኝ። ከዚያ ግንባሯን ደረቴ ላይ አኖረች። በሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ብዬ ራሴ ከፎቅ በወደቅኩ ነበር። የዚያን ቀን ግን ከናኦል የተረፈ መሰለኝ። ገፈተርኳት አልልም፤ እጇን ከላዬ አነሳሁት። ለናኦል ያለቀስሽው ሳይደርቅ ወደ እኔ መጣሽ ወይ፣ እዚያው ጨርሺው፣ እኔ ጋ ካሜራ የለም አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ፣ በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ገብታ እግሯን ታጠበች። ጠዋት ስነሳ የለችም። የሆነው ይኸው ነው። ለእርስዎ ምን ብላ እንደነገረችዎ አላውቅም፤ ምንም እንዳላለችዎ ግን እገምታለሁ።

እሷ ስትሄድ ፊልሙም ቆመ። ባለፈው እሑድ ጌድዮን ቤቴ መጣ። በሩን የከፈትኩለት ጡጫዬን ጨብጬ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት አለኝ። ይቅርታውን ናኦል ራሱ ይምጣና ይጠይቅ አልኩት። ናኦል ምን አደረገ አለኝ። ሚስቴ ሰፈሩን ያናወጠችው ለማን ነው ታዲያ አልኩት። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ማንም አልነገረህም ማለት ነው አለ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከቦርሳው አወጣ፤ የምሳ ሳህኔን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

ቀረጻው ላይ ሠናይት ከአንዲት ሴት ጋር ባሬላ ይዛ ትመጣለች። ካቦ በላይነህ ከኋላ እየሮጠ ይደርሳል። ለበላይነህ ጠዋት በጆሮው የተነገረው፣ አስቴር፣ ዘነበ ወድቋል በላት የሚል ነው። በላይነህ ግን ስንቱን መርዶ ያረዳ ካቦ ነው እንጂ ተዋናይ አይደለም። ሲሮጥ የእውነት ደነገጠና የፊልሙ ስም ጠፋበት። ሠናይት፣ ባልሽ ወድቋል፣ ነይ አላት። በቃ። እኛን ሁለታችንን ያጋባን ያህል የሚያውቀን በላይነህ፣ በእውነተኛ ስሟ ጠርቶ፣ ባልሽ አላት።

እሷም ለይኩን ብላ ጮኸች።

እማማ፣ በዚያ ማዳመጫ ውስጥ የሰማሁት የእኔን ስም ነው። ዘነበ አላለችም፣ ናኦልም አላለችም። ናኦል እኮ እዚያው ነበር። ከካሜራው አጠገብ ቆሞ፣ አለሁ፣ ደህና ነኝ እያለ እጁን ሲያወዛውዝ ይታያል። አላየችውም። ገፍታው አለፈች። ካሜራ ያዡ እየሮጠ ሲከተላት ሥዕሉ ይናጣል። አስፋልቱ ጋ ስትደርስ መኪናዎቹ ፊት ገብታ፣ ባዶ እግሯን ሆና፣ ኮተቤ፣ ኮተቤ ትላለች። ኮተቤ ያለሁት እኔ ነኝ። ስሜን ስሰማ ኖሬያለሁ፤ እናቴ ለራት፣ ካቦ ለሥራ ጠርተውኛል። እንደዚያ ሆኖ ግን ሰምቼው አላውቅም። ማዳመጫውን አውልቄ ጓሮ ወጣሁ። ጌድዮን አልተከተለኝም፤ ለዚህ ብቻ አመሰግነዋለሁ።

ስመለስ፣ ፊልም ነው ብንላትም ስልክህን ስላላነሳህ በዓይኗ እስክታይህ አላመነችንም አለኝ። ቀጥሎም፣ ይህ ቀረጻ የእኔ አይደለም፣ የእናንተ ነው፣ እምቢ ካላችሁ አጠፋዋለሁ አለኝ። እሺ ካልን ግን አስቴር የሚለው ስም ቀርቶ በፊልሙ ሙሉ ሠናይት ትባላለች፤ ዘነበም ለይኩን ይባላል። ስም የተጠራባቸውን ቦታዎች ድምፁን ብቻ እንደ አዲስ ይቀዱታል። ጌድዮን ቀድሞ እናንተ ዘንድ ወጥቶ ሠናይትን ጠይቋት ኖሯል። ስሙ የእሱ ነው፣ እሱን ጠይቀው ብቻ አለችኝ አለኝ።

በዚያች ሰዓት መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ልንገርዎ፤ ለእርስዎ አልዋሽም። ቅናት ነው። ናኦል ለይኩን ሊባል ነው! ቃሌን ወሰደ፣ ስብራቴን ወሰደ፣ ባሬላውን ያዘ፣ የእርስዎን ምርቃት ተቀበለ፤ አሁን ደግሞ ስሜ ቀረው። ያን ጩኸት አገር ሁሉ ሲሰማው የሚያስበው ያን ጥርሰ ነጭ ነው እንጂ እኔን ማን ያውቀኛል? ይህንኑ ለጌድዮን ነገርኩት። ልክ ነህ አለኝ። ልክ ነህ ሲለኝ ይበልጥ ተናደድኩ። ቆይ፣ ዘነበ ከወደቀ በኋላ ይሞታል ወይስ ይተርፋል ብዬ ጠየቅኩት። አልነግርህም አለ። ስሜን ሰጥቼህ ልትገድለኝ ነው ወይ አልኩት። ሳቀና፣ ነገን ማን ያውቃል አለኝ። ሟርተኛ!

ማክሰኞ ደግሞ ናኦል ራሱ መጣ። ከበር ውጭ አቆምኩት። ጥርሱ አልታየም፤ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህና ልሂድ አለኝ። ጋሼ ማለቱን ይያዙልኝ። ባሬላ ይዤ አላውቅም ነበር፣ የያዝኩ ቀን ሁሉ እደፋባት ነበር፣ እሷ ናት ያስተማረችኝ አለ። ለይኩን እንደዚህ አይረግጥም፣ ለይኩን ቀኝ እግሩን ነው የሚያስቀድመው፣ ለይኩን ደረጃ ላይ ትከሻውን ዝቅ ያደርግልኛል እያለች ነው ያስተማረችኝ አለኝ። ታዲያ እርምጃችን ቢገጥም ያንተ እርምጃ ነው አለና ሄደ።

እኔ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያን ያህል ጊዜ ከሦስተኛው ፎቅ ሆኜ የቀናሁት በራሴ ላይ ነው ማለት ነው? ይህን ሁሉ ስታውቅ፣ የቱን እግሬን እንደማስቀድም እንኳ ስታውቅ፣ ለእኔ ሳትነግረኝ ለናኦል መንገሯ አሁንም ያንገበግበኛል። እኔ እንኳ ቀኝ እግሬን እንደማስቀድም አላውቅም ነበር። ለካ ጀርባዬን ብቻ እዪ ስልሽ የምርሽን ስታዪው ነው የኖርሽው። ክንዴ የተሰበረ ዕለት ያላለቀስሽው እኔ እንዳልፈራ ብለሽ እንደሆነ፣ ያጠራቀምሽው ሁሉ በዚያ አስፋልት ላይ እንደወጣ፣ አሁን ነው የገባኝ። በዚያ እግርሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠሽ ስትጠብቂኝ እኔ ደግሞ፦ ይቅርታ እማማ፣ እጄ ስቶ ነው። እርስዎን ነው የማናግረው።

ትናንት ጌድዮን ዘንድ ሄጄ እሺ፣ ውሰደው አልኩት። አንድ ነገር ብቻ አስቸገርኩት። ድምፁ እንደ አዲስ ሲቀዳ ሠናይት ለይኩን እያለች ብዙ ቦታ ላይ መጥራት አለባት፤ ለይኩን ራት ቀርቧል፣ ለይኩን ቀስ በል፣ ለይኩን ብርድ ነው ና እንግባ። ያን ስትል ፊት ለፊቷ የሚቆመው ናኦል አይሁን፣ እኔ ልሁን አልኩት። ካሜራ የለም አይደል፣ ራሴን አልከላከልም፣ ዝም ብዬ እቆማለሁ አልኩት። ጌድዮን ብዙ አሰበና፣ እኔ ደስ ይለኛል፣ እሷ ከፈቀደች አለኝ። ሰኞ ጠዋት ነው፤ መገናኛ ያለው የድምፅ መቅጃ ቤት፣ አራት ሰዓት ላይ። እኔ ከዚያ በፊት ደርሼ በሩ ላይ እሆናለሁ። ብትመጣ እንደ ሠራተኛ መጥታ፣ ስሜን ጠርታ ልትመለስ ትችላለች፤ ወደ ቤት ነይ ብዬ አላስጨንቃትም። ባትመጣም ስሜን መልሱልኝ አልልም፤ የሰጠሁትን ሰጥቻለሁ። ስትጠራኝ ግን መስማት እፈልጋለሁ።

እማማ፣ ይህን የምታነብልዎ ልጅዎ እዚህ ጋ ስትደርስ ድምጿ ከተያዘ ቀጥዪ ብለው አያስጨንቋት፤ ውሃ ይስጧት፣ የቀረው ምርቃት ብቻ ነው።

ማርያም ጉልበትዎን ታጽናልዎ። ላሚቱ ጥጃዋን ታሳድግ፣ ክረምቱ ለቤትዎ የቀና ይሁን። ጣሪያውን ሰኔ ሳይጋመስ መጥቼ በጎማ እደፍነዋለሁ፤ ጨዋ ልጅ ቢሉኝም ባይሉኝም። ከምርቃትዎ ለእኔም አይርሱኝ።

እዚህ ላይ ስሜን መጻፍ ነበረብኝ፤ ትናንት ለሰው ስለሰጠሁት በቀረኝ ፈርሜያለሁ።

የሠናይት ባል